አራቱ ያልተነኩ ቃላት

አጉሊ የሚለውን ስም ያወጣላት የማተሚያ ቤቱ ማሽኒስት ነው። ሰው በአጉሊ መነጽር የማያገኘውን ስህተት እሷ በባዶ ዓይኗ ታገኘዋለች ለማለት ነው። ስሙ ሲወጣላት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ጥራዝ ክፍል ውስጥ የታተመ ወረቀት ታጥፍ ነበር። ሰው ሲያናግራት ዓይኑን ትታ ከንፈሩን ነው የምታየው። ያላወቃት ሰው አፉ ላይ የሆነ ነገር የቀረበት እየመሰለው አፉን ይጠርጋል። ከንፈር የምታየው ሌላ መስሚያ ስለሌላት ነው። በአሥራ አንድ ዓመቷ ከባድ ትኩሳት ይዟት ሦስት ሳምንት ተኛች፤ ስትነሳ ሁለቱም ጆሮዎቿ ተዘግተው ነበር።

መናገር ግን አልተወችም፤ እናቷ እንድትተው አልፈቀዱላትም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ጆሮዋ ከተዘጋ ከጥቂት ወራት በኋላ የልጅቷ ንግግር እየተበላሸ ሲሄድ መጀመሪያ የጠፋባት የፊደል መጥበቅና መላላት እንደሆነ ያስተዋሉትም እሳቸው ናቸው። «ሰፊ» የሚለው ቃል ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ሲጠብቅ ግን የተንጣለለ ነገር ይሆናል። አጉሊ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እናቴ ሰፊ ናት» ትላለች፣ አጥብቃ። እንግዳውም እናቲቱን ከላይ እስከ ታች ያያቸዋል። እሳቸው ደግሞ ቀጭን አልነበሩም።

እናቷ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ከልብስ ስፌት መኪናው አጠገብ ያስቀምጧትና የእጇን አንጓ ይዘው ቃሉን ይሉላታል፤ ፊደሉ በሚጠብቅበት ቦታ ጫን፣ በሚላላበት ቦታ ለቀቅ። ልጅቷ ከንፈራቸውን እያየች አንጓዋ ላይ የተሰማትን ትደግማለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ድምጿ እንደ ድሮው ከፍና ዝቅ አይልም፤ ግን መጥበቅና መላላቱ አልጠፋም። እስካሁንም የማያውቃት ሰው ስትናገር ሲሰማ ጉንፋን ይዟት ነው ብሎ ነው የሚያልፈው።

ትምህርት ቤት ፊት ወንበር ተቀምጣ ከሰሌዳ እየገለበጠች አሥረኛ ክፍል ደረሰች። እንግሊዝኛን ያስተማራት ግን ከሁሉ በላይ አንድ መዝገበ ቃላት ነው። አጎቷ ሲሞት የተረፈ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ መጽሐፍ ነበር። አማርኛን በጆሮዋ ጀምራ በዓይኗ ቀጠለች፤ እንግሊዝኛ ግን ለእሷ ከሞላ ጎደል የዓይን ቋንቋ ብቻ ነው። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ በየቃሉ መሃል አንዲት ትንሽ ጭረት አለች። አጉሊ የዝንብ ኩስ መስሏት ብዙ ጊዜ በጥፍሯ ስትፍቃት ኖራለች። በኋላ ነው ከመግቢያው ገጾች ባንዱ ላይ ማብራሪያውን ያገኘችው። ጭረቷ የምትቀመጠው ከሌሎቹ ጠንከር ተደርጎ ከሚነገረው የቃሉ ክፍል ቀጥሎ ነበር። እናቷ አንጓዋ ላይ ያደርጉት እንደነበረው ዓይነት ነገር ነው ብላ አሰበችና መፋቋን አቆመች።

ማተሚያ ቤት የተቀጠረችው ጩኸቱ ስለማይረብሻት ነው። የጥራዝ ክፍሏ ኃላፊ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ትልቅ ሴት፣ እዚያ ሲሠሩ ጆሯቸው ግማሹን አልቋል፤ «አንቺስ የሚያልቅብሽ የለም» ብለው ተቀበሏት። ሥራው ትልቁን የታተመ ወረቀት አጥፎ አሥራ ስድስት ገጽ ማድረግ ነው። እጇ ያጥፋል፣ ዓይኗ ያነባል። አንድ ቀን ስለ መድኃኒት አያያዝ የሚናገር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስታጥፍ ቆመች። ገጹ ላይ «ይህ መድኃኒት ከሆስፒታል ውጪ የትም አይገኝም» ለማለት ተፈልጎ «ኖዌር» የሚለው ቃል መስመር መጨረሻ ላይ ደርሶ ተሰብሯል። ቃሉ ከሁለተኛው ፊደል በኋላ ቢሰበር ምንም አልነበረበትም። የተሰበረው ግን ከሦስተኛው በኋላ ነው። ስለዚህ መስመሩ «ናው» ብሎ ያልቃል፣ ቀጣዩ መስመር «ሂር» ብሎ ይጀምራል፤ አሁን፣ እዚህ። የትም የለም የተባለው መድኃኒት አሁን እዚሁ አለ ተብሏል።

ወረቀቱን ይዛ ወደ አራሚው ክፍል ሄደች። አራሚው ሽማግሌ ነበሩ፤ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት፣ ዝቅ አድርገው አዩት፣ ከዚያ ወንበር ሳቡላት። በሳምንቱ ከጥራዝ ክፍል ወደ እርማት ክፍል ተዛወረች፤ ስሙም ያን ጊዜ ወጣላት። ሽማግሌው አምስት ዓመት አስተማሯት። ስለ ጥምር ቃላት የነገሯት ሕግ አጭር ነበር፦ ከሁለት ቃላት የተሠራ ቃል ሲሰበር በመጀመሪያ የሚሰበረው በመጋጠሚያው ነው። በር የሚታጠፈው በማጠፊያው ነው እንጂ በሳንቃው አይደለም አሏት። ክላስሩም ክላስ ላይ፣ ኤርፖርት ኤር ላይ። ከዚያ ጡረታ ወጡና ጠረጴዛው የእሷ ሆነ።

መምህሩ የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ሰላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ለትምህርት ቤቶች የሚሆን መጽሐፍ ጽፈው ነበር፤ የእንግሊዝኛ ጥምር ቃላት በስንት ቀለም እንደሚከፈሉና የትኛው ክፍላቸው ጠንክሮ እንደሚነገር የሚያስረዳ። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሲነጋገሩ ማሽኒስቱ በዚያ ያልፍ ነበር። መምህሩ «እያንዳንዱ ቃል ስንት ቀለም እንዳለው በግልጽ መታየት አለበት» ሲሉ ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነው ያለን፣ ጥቁር» አለ። መምህሩ አልሳቁም። የቋንቋ ቀለም፣ በአንድ ትንፋሽ የሚባለው የቃል ቁራጭ፣ ከማተሚያ ቀለም እንደሚለይ ቆመው አስረዱት። ማሽኒስቱ እጁን እየጠረገ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው፤ መውጫ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ፎርም፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ አሥራ ስድስት ገጾች፣ ፊደላቸው ተለቅሞ ለእርማት ሲመጡ አጉሊ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጥምር ቃላት ቆጠረች። እያንዳንዱ ቃል በነጥብ ተከፋፍሏል፤ ጭረትም አለበት። ክፍፍሉ ላይ አንድም ስህተት አላገኘችም። ጭረቶቹ ግን ግራ አጋቧት። ብላክቦርድ የሚለው ቃል ላይ ጭረቷ ከቃሉ ሁሉ በፊት፣ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ፉትቦልም እንደዚያው፣ ቤድሩምም እንደዚያው። አፍተርኑን ላይ ደግሞ ከኑን በፊት ነች። አጉሊ የምታውቀው የአጎቷን መዝገበ ቃላት ነው፤ እዚያ ጭረቷ ከጠንካራው ክፍል በኋላ እንጂ በፊት አትመጣም። ከፊቷ ምንም የሌላት ጭረት ማንን ልታጠነክር ነው? የእጅ ጽሑፉን አየች፤ እዚያም እንደዚሁ ነው። መምህሩ ሸምግለዋል፣ እጃቸው እየተንሸራተተባቸው ነው ብላ ደመደመች።

መጠየቅ ነበረባት፤ ይህን በኋላ ራሷም አልካደችም። ግን ስልክ ለእሷ አይሆናትም። ሰው ልኮ ማስጠየቅ አንድ ቀን ይፈጃል። ማሽኑ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ቆሟል፤ ሥራ አስኪያጁ በየግማሽ ሰዓቱ አንገቱን በበሩ ብቅ እያደረገ ያያታል። ቀይ ብዕሯን አንስታ ጭረቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ አዛወረቻቸው። ብላክቦርድ ላይ ከብላክ ቀጥሎ አደረገቻት፣ አፍተርኑን ላይ ወደ መጨረሻው ወሰደቻት። ሁለት መቶ ስምንት ቃላት አስተካከለች። አራቱን ብቻ አልነካቻቸውም፤ በእነሱ ላይ ጭረቷ ድሮውንም ትክክለኛ ቦታዋ ላይ ነበረች። ሁለተኛው ፕሩፍ፣ እርማቱ ገብቶ የሚወጣው የሙከራ ቅጂ፣ ለደራሲው መታየት ነበረበት፤ ሥራ አስኪያጁ ግን አራሚዋ ከፈረመች ይበቃል ብሎ ወደ ማሽን ሰደደው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ ቤት የቸኮሉት ሁለት ነበሩ።

በማግስቱ መምህሩ ጽፈው የጨረሱትን መግቢያ ይዘው መጡ። ማሽኒስቱ ያለፈውን ነገር ለማካካስ ይሁን ደግነት ይሁን፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ወረቀት አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። መምህሩ ቆመው ማንበብ ጀመሩ፤ ከዚያ ያልተፈታ የወረቀት እስር ላይ ተቀመጡ። ሦስት ሺህ ወረቀት ታትሞ አልቋል።

አጉሊ ስትጠራ ሥራ አስኪያጁ እየተንጎራደደ ይናገራል። ጀርባውን ሲያዞር ቃሉ ይቆረጥባታል፤ ሲዞር ደግሞ መሃሉ ላይ ትደርሳለች። የገባት መምህሩ መግቢያውን ፊቷ ሲያስቀምጡላት ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ ጭረቷ ጠንክሮ ከሚነገረው ክፍል በፊት እንደምትደረግ ተጽፏል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። መጽሐፉን ከፍቶ የሚያነብ ተማሪ ብላክቦርድን ቦርድ ላይ ሊጫን ነው፤ ሰሌዳው ተራ ጥቁር ሳንቃ ሊሆንበት ነው። አፍተርኑን የሚለው ላይ ደግሞ ጭረቷ መጨረሻ ላይ ተንጠልጥላ ምንም አትነግረውም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «መጠየቅ ነበረብኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ከዚያው ቀን ጀምሮ ወደ ጥራዝ ክፍል እንድትመለስ አዘዘ። የተበላሸው ወረቀት ተቆራርጦ ለእሽግ መጠቅለያ ሆነ፤ የምትጠቀልልበትም እሷው ነበረች። ብላክ፣ ጭረት፣ ቦርድ፤ ቤድ፣ ጭረት፣ ሩም፤ ሲባጎ። እትዬ ምሳ ሰዓት ላይ ከራሳቸው ሰሃን ቆርሰው ሰጧት። ቤት ገብታ ለእናቷ ስትነግራቸው እናቷ የስፌት መኪናውን አላቆሙም። ስትጨርስ ግን ቀና ብለው፣ የተበላሸ ልብስ እንደሚተረተርና እንደገና እንደሚሰፋ፣ ጨርቁ ከተቀደደ ብቻ እንደሚያለቅሱ ነገሯት። ጨርቁ አልተቀደደም አሏት። አጉሊ ግን ያን ሳምንት ምግብ አልበላ አላት።

መምህሩ የተበላሸውን ወረቀት አንድ ቅጂ ይዘው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ ፊደሉ እንደገና እንዲለቀም ሁሉንም ማስተካከል አለባቸውና። ሁለት ቀን የሚፈጅ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን ከአንድ ገጽ በኋላ ስህተቱ ሥርዓት እንዳለው አዩ። የሠራችው ሰው ዝም ብላ አልበተነችውም፤ እያንዳንዷን ጭረት አንድ ክፍል ብቻ ወደ ኋላ አንቀሳቅሳለች። ከሌላ ሕግ ተነስታ በዚያ ሕግ አንዴም ሳትስት ነው የሄደችው። መምህር ናቸውና ይህን ማድነቅ አልቸገራቸውም። ስለዚህ እያንዳንዷን አንድ ክፍል ወደ ፊት እየመለሱ ቀጠሉ። ሁለት መቶ ስምንት ላይ ሲደርሱ ቆጠራው አልሞላም። አራት ቃላት ላይ ያለው ጭረት እሳቸው ባስቀመጡበት ቦታ ነው ያለው። ኒውስፔፐር፣ ሾፕኪፐር፣ ሃንድራይቲንግ፣ ስክሩድራይቨር።

ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት ውስጥ አራቱን ለምን ተወቻቸው? ረስታቸው እንዳይባል አራቱም ተበታትነው ነው ያሉት። መምህሩ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ማተሚያ ቤት ተመለሱ። ሥራ አስኪያጁ ጋ አልገቡም፤ በጓሮ በኩል አድርገው በቀጥታ ጥራዝ ክፍል ሄዱ። እትዬ ወንበራቸውን ለቀቁላቸው። መምህሩ ፊታቸውን ወደ አጉሊ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ እጃቸውን ከአፋቸው አርቀው ተናገሩ።

«እነዚህን አራቱን ለምን አልነካሻቸውም?»

«ትክክል ስለነበሩ ነው» አለች።

«ትክክል የሆኑት በየትኛው ሕግ ነው?»

«በእኔ መዝገበ ቃላት። እዚያ ጭረቷ ከኋላ ነው የምትመጣው። ኒውስፔፐር ላይ ከኒውስ በኋላ ነች፤ ስለዚህ የሚጠነክረው ኒውስ ነው ማለት ነው። መዝገበ ቃላቱም እንደዚያው ይላል።»

በመምህሩ ሕግ ግን ያቺው ጭረት የምታጠነክረው ከእሷ ቀጥሎ ያለውን፣ ፔፐርን ነው። አንዲት ጭረት ለሁለቱ ሰዎች ሁለት የተለያየ ነገር ትናገራለች።

«ልጄ፣» አሉ መምህሩ፣ «ይህን ቃል ሰላሳ አንድ ዓመት አስተምሬዋለሁ። አንቺ ደግሞ አንድም ቀን ሰምተሽው አታውቂም።»

«አልሰማሁትም፤ አይቼው ነው» አለች።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ሙጫ ማማሰላቸውን አቆሙ። መምህሩ ተነሱ፣ ወንበሩን ወደነበረበት መለሱና ደህና ዋሉ ሳይሉ ወጡ።

በቀጥታ የሄዱት ወደ ቤተ መጻሕፍት ነው። የራሳቸውን መዝገበ ቃላት ቤታቸው ሆነው መመልከት ይችሉ ነበር፤ በኋላ ለአጉሊ እንደነገሯት ግን እዚያ ለማየት ፈሩ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሦስት መዝገበ ቃላት አወረዱ። ሁለቱ ጭረቷን ከፊት ያደርጋሉ፣ አንዱ ከኋላ። አደራረጋቸው ይለያይ እንጂ የሚሉት አንድ ነው፦ ኒውስ ይጠነክራል፣ ሾፕ ይጠነክራል፣ ሃንድ ይጠነክራል፣ ስክሩ ይጠነክራል። መምህሩ መጽሐፍ ብቻ አላመኑም። ሦስት ከሰዓት ሙሉ ሬዲዮ ፊት ተቀምጠው የእንግሊዝኛውን ዜና አዳመጡ። በሦስተኛው ቀን ዜና አንባቢው ስለ አንድ ጋዜጣ መዘጋት ሲናገር ቃሉን ሦስት ጊዜ አነሳው። ሦስቱንም ጊዜ ኒውስን ነው የተጫነው። ያንን ዜና አንባቢ ለዓመታት ሰምተውታል፤ አንድም ቀን ልብ ብለውት አያውቁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በነጋታው ወደ ሠፈራቸው ፋርማሲ ገቡ። ፋርማሲስቱ የድሮ ተማሪያቸው ነው። የጋዜጣ እንግሊዝኛው ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ሰውየው ፈተና መስሎት ቀጥ ብሎ ቆመና ፔፐርን አጠንክሮ መለሰ፣ ልክ እንደተማረው። መምህሩ የጉልበት መድኃኒታቸውን ሳይገዙ ወጡ።

ለምን እነዚያ አራቱ ብቻ? ሲያስቡት ደረሱበት። የአራቱም ሁለተኛ ክፍል ሁለት ቀለም ያለው፣ ከመጀመሪያው የረዘመ ነው። ገና ወጣት መምህር ሳሉ፣ የረዘመው ክፍል ክብደቱን ይወስዳል ብሎ የነገራቸው አንድ ታላቅ ባልደረባ ነበር። ያን ሰው ያከብሩት ስለነበር አልመረመሩትም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ ለራሳቸው፤ ይህንንም በኋላ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት።

ማተሚያ ቤት ተመልሰው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ። አራሚዋ ወደ ጠረጴዛዋ እንድትመለስ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ሥራ አስኪያጁ ሦስት ሺህ ወረቀት የበላች ሴት ናት ብሎ ተከራከረ። መምህሩ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ሁለተኛው ፕሩፍ ለደራሲው ሳይታይ ወደ ማሽን የሄደው በማን ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቁት። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ መምህሩ እሷ ያላየችውን ገጽ እንደማይፈርሙ ነገሩትና ጉዳዩ አለቀ።

አጉሊ ስትጠራ ግን ወዲያው እሺ አላለችም። ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛ፣ ከእንግዲህ ማንኛውም መጽሐፍ ሁለተኛው ፕሩፍ ደራሲው ሳይፈርምበት ወደ ማሽን እንዳይሄድ። ሁለተኛ፣ በዚህ መጽሐፍ የጭረቷ ማብራሪያ መግቢያው ውስጥ ተደብቆ እንዳይቀር፤ በየገጹ አናት ላይ በአንድ መስመር እንዲታተም። ተማሪ መግቢያ አያነብም አለች። መምህሩ ሰላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋልና ይህን አልተቃወሙም።

ከዚያ በኋላ ስምንት ሳምንት አብረው ሠሩ። መምህሩ በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ይመጡና ከጠረጴዛዋ ማዶ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ቃል በማስመሪያ ጠረጴዛው ላይ እየመቱ ሊያሳዩዋት ሞከሩ፤ ጠንካራው ላይ ኃይለኛ ምት፣ ደካማው ላይ ቀላል። አጉሊ መዳፏን እንጨቱ ላይ ዘርግታ ትጠብቃለች። ነገር ግን ከግድግዳው ማዶ ያለው ማሽን ጠረጴዛውን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል፤ የማሽኑ ይሁን የመምህሩ መለየት አልቻለችም። ያኔ የእናቷን ዘዴ ነገረቻቸውና እጇን ዘረጋችላቸው። መምህሩ ወደ በሩ አዩ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ሰው ያልፋል። ከዚያ አንጓዋን በሁለት ጣታቸው ያዙና ግሪንሃውስ አሉ። ግሪን ላይ ተጫኑ፤ ይህ በመስታወት የተሠራ የአትክልት ማብቀያ ነው። ቀጥለው ሁለቱንም ጫን፣ ሁለተኛውን ደግሞ በርታ አድርገው ያዙ። ይህኛው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ መኖሪያ ቤት ነው።

«እንደ ሰፊና ሰፊ ነው» አለች አጉሊ፣ አንዱን አላልታ ሌላውን አጥብቃ።

መምህሩ ይህን ወዲያው ደብተራቸው ላይ ጻፉት። በየገጹ አናት ከሚሄደው መስመር ቀጥሎ መጽሐፉ ውስጥ የገባ የእሷ ሐሳብ ይኸኛው ነው።

የሚያስቸግራቸው አራቱ ቃላት ነበሩ። መምህሩ አሁን ትክክሉን ያውቃሉ፤ ጣታቸው ግን አያውቅም። ኒውስፔፐር ሲሉ ሳያስቡት ፔፐር ላይ ይጫናሉ። አጉሊ ራሷን ትነቀንቃለች። እንደገና ይላሉ፤ እንደገና ትነቀንቃለች። የማትሰማ ሴት ሰላሳ አንድ ዓመት ያስተማረን ሰው አነጋገር ስታርም ማሽኒስቱ በሩ ላይ ቆሞ ለማየት ይመጣ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ መምህሩ ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ ጋዜጣን በእንግሊዝኛ ጠሩት፤ ክብደቱ ኒውስ ላይ አረፈ። ከንፈራቸው ላይ አይታው ኖሮ «አሁን ልክ ነው» አለች። መምህሩ ምን እንደተባሉ እስኪገባቸው ትንሽ ቆዩ።

መጽሐፉ ወጣ። መምህሩ መግቢያው ላይ ስሟን ሊያስገቡ ፈልገው ነበር፤ እሷ አልፈለገችም። ስሜ ከገባ ሦስት ሺህ ወረቀቱም አብሮ ይነሳል አለች። እሳቸው ግን የራሳቸውን አልደበቁም። በአንድ አንቀጽ፣ አራቱን ቃላት ለረጅም ዘመን አሳስተው ማስተማራቸውን፣ ከእሳቸው የተማሩ ሁሉ እንዲያርሙ ጻፉ። ያገኟቸውን የድሮ ተማሪዎቻቸውን ደግሞ በአካል ነገሯቸው። ፋርማሲስቱ ሳቀና ሁለቴ ብሎ ተለማመደው። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሆነች አንዲት ሴት፣ ጋዜጣ ይፈልጋሉ ወይ ስትላቸው እንግዶቿ ለምን ሁልጊዜ ቆም እንደሚሉባት አሁን ገባኝ አለች። አንድ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ግን ተቆጣ፤ እርስዎ ሲያስተምሩን ልክ ነበረ፣ አሁን እኔ ለመቶ ሃምሳ መምህርና ተማሪ ምን ልበል ብሎ። መምህሩ «ተሳስቶ ነበር በላቸው» አሉት። ሰውየው አላለም። እነሱ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች እስካሁን ፔፐርን ነው የሚጫኑት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዋ ብዙ የሚወራ የለውም። ሁለተኛው እትም ሲወጣ መምህሩ ጉልበታቸው ደክሞ ስለነበር ፕሩፉን ይዛ ቤታቸው የምትሄደው እሷ ሆነች። ባለቤታቸው ብርቱካን ጨምቀው ያቀርቡላትና ሁለቱ እጅ ተያይዘው ቃል ሲቆጥሩ እያዩ «እኔን እንዲህ ይዘህ አታውቅም» ይሏቸው ነበር። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ሲያስገባ ፊደል ለቃሚዎቹ ተቀነሱ፤ እሷ ቀረች፣ ኮምፒዩተሩ እንግሊዝኛ ቃል የሚሰብረው እንዳሻው ነበርና። በመጨረሻ የእርማት ክፍል ኃላፊ ሆነች። እናቷ ዓይናቸው ደክሞ ስፌት ሲያቆሙ ወደ እሷ ቤት አመጣቻቸው። መምህሩ ሦስተኛው እትም ከመውጣቱ ሁለት ወር በፊት በእንቅልፋቸው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ንግግር ሲደረግ አጉሊ በጣም ኋላ ስለቆመች የማንንም ከንፈር አላየችም፤ እትዬ በኋላ ሁሉንም ነገሯት።

ሦስተኛው እትም ወጥቶ መንፈቅ ሳይሞላ ከሩቅ ትምህርት ቤት አንድ ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው ወጣት መምህርት ናት። ዊክኤንድ የሚለው ቃል መጽሐፉ ላይ ኤንድ ላይ ይጠነክራል ይላል፤ እሷ ግን ፊልም ላይ የምትሰማው ዊክ ላይ ነው። ተማሪዎቿ ተከራክረዋታል። የትኛው ነው ልክ? ደብዳቤው ለመምህሩ ነበር የተላከው፤ መሞታቸውን አልሰማችም።

አጉሊ ደብዳቤውን ሁለት ቀን መሳቢያዋ ውስጥ አቆየችው። ቀድሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ወደ መምህሩ ትወስደው ነበር። በሦስተኛው ቀን አራት መዝገበ ቃላት ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋች። ሁለቱ ኤንድ ላይ፣ አንዱ ዊክ ላይ፤ አራተኛው ሁለቱንም ጽፎ አንዱ በአንድ አገር፣ ሌላው በሌላ አገር እንደሚነገር ያስረዳል። ብቻዋን መወሰኑ ቀላል አልሆነላትም፤ ሁለት ጊዜ ጽፋ ሁለት ጊዜ ቀደደች። በሦስተኛው፣ መምህሩ ማረፋቸውን አስታወቀቻት። ቀጥላ ሁለቱም እንደሚባል፣ መጽሐፉ አንዱን ብቻ መያዙ ጉድለት እንደሆነ፣ ተማሪዎቿን ግን አንዱን መርጠው እንዲጸኑበት ብታደርግ እንደሚሻል ጻፈችላት። በሚቀጥለው እትም ሁለቱም ይገባሉ አለች። ከታች «የእርማት ክፍል» ብላ ልትፈርም አሰበችና ትታ የራሷን ስም ጻፈች። ፖስታውን አሽጋ ለተላላኪው ሰጠችና ጠዋት ወደ ጀመረችው የንብ እርባታ መጽሐፍ ተመለሰች፤ ገጽ አርባ ሁለት ላይ ነበር የቆመችው።